ብርድ ልብሱ ለፈረሱ ነው ወይስ ለእኛ?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም የሚያስቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «ሰው በብርድ በሚያድርበት አገር ስለ ፈረስ ብርድ ልብስ መጻፍ ምን ይባላል?» የሚለኝ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ይህንን ጥያቄ ሳልመልስ አላልፍም። ከዚያ በፊት ግን ጉዳዩ እንዴት እንደገጠመኝ ልናገር።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር አጎቴን ለመዘየር ወደ ባሌ ሮቤ ተጉዤ ነበር። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ በበጋ ወራት ቀኗ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቷ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ አለው። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጉልበታቸው ስለደከመ ጋሪውን የሚነዳው ልጃቸው ነው። ቤተሰቡ የሚተዳደረው ዳማ ብለው በሚጠሩት አንድ ፈረስ ነው። ባጃጅ ከተማውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም፣ እህልና ሲሚንቶ ጭኖ፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶችን አሳፍሮ የዕለት እንጀራቸውን የሚያመጣላቸው እሱ ነው።

በደረስኩበት ዕለት ዳማ ወደ ቤት የገባው የመግሪብ አዛን ሲል ነበር። አንገቱና ጫንቃው በላብ ርሷል። የአጎቴ ልጅ ከጋሪው ፈታው፤ ውኃ አጠጣው፤ ድርቆሽ ጣለለትና በጓሮ ባለችው ጋጣ አሰረው። እኛም ራት በልተን፣ ዒሻን ሰግደን፣ ለእንግዳው ለእኔ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰጥቶኝ ተኛሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ የለመደው ገላዬ ያንን ብርድ ሊችለው አልቻለም። በሁለቱ ብርድ ልብሶች ተጠቅልዬ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ ዳማ ከግድግዳው ማዶ ኮቴውን ሲያንቀሳቅስ ሰማሁ። «እኔ በቤት ውስጥ እንዲህ ከሆንኩ ይህ ምስኪን እንዴት እየሆነ ይሆን?» አልኩ። ተነሳሁና አንዱን ብርድ ልብስ ወስጄ ጀርባው ላይ ደረብኩለት፤ እንዳይወድቅም በገመድ አሰርኩት። በጨለማው ውስጥ ሌላ ነገር አላየሁም፤ ለማየትም አልሞከርኩም። ስመለስ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አጅር አገኘሁ ብዬ በቀረችኝ አንዲት ብርድ ልብስ ተሸፍኜ ተኛሁ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ አጎቴ ወደ ጋጣው ጠሩኝ። አልተቆጡም። «ና ልጄ፣ እጅህን ስጠኝ» ብለው መዳፌን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገቡት። ገላው ታፍኖ ወብቋል፤ የማታው ላብ ሳይደርቅ እዚያው ተዳፍኖ፣ ጠጉሩ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ከዚያም ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው ገለጡት። በጫንቃው ላይ የጋሪው ዕቃ የላጠው የሳንቲም ያህል ቁስል ኖሮበታል። የእኔ ብርድ ልብስና ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትጉት አድረው ቁስሉን አስፍተውታል፤ ሱፉም ከደሙ ጋር ተጣብቋል። ገመዱ ደግሞ ወደ ሆዱ ተንሸራቶ እግሩ ሊጠለፍበት ምንም አልቀረው።

«ልጄ፣» አሉኝ አጎቴ፣ «የሸፈንከው የራስህን ብርድ ነው እንጂ የእርሱን አይደለም።»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። «እኔም ከአንተ የተሻልኩ አይደለሁም» አሉ። «ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ያረጀች ባዝራ ነበረችኝ። ጥርሷ አልቆ ድርቆሹን በደንብ አታኝከውም፤ ጎድኗ ተቆጥሯል። በነሐሴ ዝናብ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ባለቤቴ አንድ ነገር እናልብሳት አለችኝ። እኔ ግን ፈረስ ብርድ አያውቅም፣ አባቶቻችን ፈረስ አልብሰው አያሳድሩም ነበር ብዬ ተውኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወድቃ አገኘኋት። ዘጠኝ ዓመት ልጆቼን ያበላች ናት። ስለ እርሷ እንደምጠየቅ አውቃለሁ።»

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ! በአንድ ጋጣ ውስጥ ሁለት ጥፋት ተፈጸመ። አንዱ ማልበስ የሌለበትን አለበሰ፤ ሌላው ማልበስ የነበረበትን ራቁቷን ተወ። አንደኛው በአዘኔታ፣ ሁለተኛው በልማድ። ሁለቱም ግን ምንጫቸው አንድ ነው። እኔ ፍርዴን የወሰድኩት ከራሴ ገላ ነው፤ አጎቴ የወሰዱት ከአባቶች ልማድ ነው። ፈረሱን ራሱን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ለመሆኑ ፈረስን የሚበርደው መቼ ነው?

በዚህ ረገድ ያጠኑ ሰዎች የሚሉትን እንመልከት። ልብሱን ያወለቀ ሰው ሳይንቀጠቀጥ አርፎ ለመቀመጥ ወደ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ለመለስተኛ አየር የለመደ ጎልማሳ ፈረስ ግን ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ የገላውን ሙቀት ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት አይጠበቅበትም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወፍራም የክረምት ጠጉር ያበቀሉ፣ በደንብ የሚቀለቡ ፈረሶች ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜን መቋቋም እንደሚችሉ ታይቷል። ስለዚህ እኛን ያንቀጠቀጠን ብርድ ሁሉ ፈረሱንም ያንቀጠቅጠዋል ማለት አይደለም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ፈረስ ትልቅ እንስሳ በመሆኑ ሙቀት የሚያመነጨው ገላው ሙቀት ከሚያመልጥበት ቆዳው አንጻር ሲታይ ብዙ ነው። ሲበርደው ጠጉሩን ያቆማል፤ በጠጉሮቹ መካከል የሚያዘው አየርም ልብስ ይሆነዋል። ከሁሉ በላይ የሚበላው ድርቆሽና ጭድ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጠዋል። በብርድ ሌሊት ፊቱ በቂ ድርቆሽ ያለው ፈረስ ከውስጥ የሚነድ ምድጃ አለው ማለት ይቻላል። አላህ (ሱ.ወ.) ለፍጥረቱ የሚያስፈልገውን ሳያዘጋጅ አልተወውም።

ይህ ማለት ግን ፈረስ አይበርደውም ማለት አይደለም። ዝናብና ነፋስ ሲገናኙበት ጠጉሩ ርሶ ይተኛል፤ በውስጡ የያዘው አየርም ይጠፋል። ያረጀ፣ የከሳ፣ የታመመ፣ ገና የተወለደ፣ ጠጉሩ የተሸለተ ፈረስ የራሱ ልብስ አንሶታልና የሰው እርዳታ ይሻል። በሌላ በኩል ቀጭን ጨርቅ በደረቅና በጤነኛ ፈረስ ላይ ሲጣል የቆመውን ጠጉር ስለሚያስተኛው የነበረውን ልብስ የሚያሳጣው ጊዜ አለ። ያለበስነው መስሎን አራቁተነዋል ማለት ነው።

በብሪታንያና በመሰል አገሮች ይህ ጥያቄ ፈረስ ያለውን ሁሉ የሚያከራክር ነው። እነርሱ በክረምት የሚጋልቧቸውን ፈረሶች ላባቸው ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ጠጉራቸውን ይሸልታሉ፤ ጠጉሩን የወሰዱበትን ፈረስ ማልበሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠጉሩ ያልተነካ፣ ጤነኛና ደንዳና ፈረስን ጭምር በጋጣው ውስጥ ደራርበው የሚያለብሱ ብዙዎች ናቸው። ጎረቤት ስላለበሰ የሚያለብስ አለ፤ ሳያለብስ ቢያድር ክፉ ባለቤት የሚባል እየመሰለው የሚያለብስም አለ። ከልብሱ ሥር ፈረሱ ሲከሳ፣ ሲቆስል ወይም ሲወብቅ ሳይታይ ይቀራል። የእኔ የአንድ ሌሊት ስህተት በዚያ የክረምት ሙሉ ልማድ ሲሆን ይታያል።

ቁጥሩንም ቢሆን ከሰሜን አገር እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው ተመሳሳይ ስህተት ይሆንብናል። በዚያ ፈረስ የክረምቱን ጠጉር የሚያበቅለው በዋናነት ቀኑ ሲያጥርበት ነው። በባሌ ደግሞ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሮቤ ፈረስ የኖርዌይን ፈረስ ካፖርት ለብሷል ብሎ መገመት አይቻልም። የሚያዋጣው ፊት ለፊታችን የቆመውን ፈረስ ማየት ነው።

ፈረሱ ቢጠየቅስ?

«ዱዳን እንስሳ እንዴት ይጠይቁታል?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ይህንኑ ሞክሯል። ተመራማሪዎቹ 23 ፈረሶችን የተለያየ ምልክት ያለባቸውን ሰሌዳዎች እንዲለዩ አሠለጠኗቸው። አንዱ ምልክት «አልብሱኝ»፣ ሌላው «አውልቁልኝ»፣ ሦስተኛው «እንዳለሁ ተዉኝ» ማለት ነበር። ፈረሶቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ትምህርቱን ጨረሱ። ከዚያም በተለያየ አየር ሲጠየቁ፣ ዝናብ፣ ነፋስና ብርድ ሲሆን ልብስ የሚጠይቁ፣ አየሩ መልካም ሲሆን ደግሞ ያለ ልብስ መሆንን የሚመርጡ ሆነው ተገኙ።

ሱብሓነላህ! ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ፈረሱ ሁልጊዜ ልብስ አይፈልግም፤ ሁልጊዜም ልብስ አይጠላም። ፍላጎት አለው፤ ፍላጎቱም ከአየሩና ከገላው ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል። እስከ ዛሬ የጎደለው የእኛ መስማት ነበር። እርግጥ ነው፣ የሮቤ ባለጋሪ ሰሌዳ ሠርቶ ፈረስ ሊያስተምር አይችልም። ነገር ግን አጎቴ መዳፌን ከብርድ ልብሱ ሥር ሲያስገቡት ያደረጉት ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። የፈረሱን መልስ እንድሰማ ነው ያደረጉኝ።

ማሰር የሚያመጣው ግዴታ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በባሌ ተራሮች ላይ የሚሰማራ ፈረስ ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ከፍታ ላይ እንኳ ቢሆን ስለ ብርዱ የሚያደርገውን ያውቃል። ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል፤ ጥግ ይፈልጋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጠጋጋል፤ እየተንቀሳቀሰ ይግጣል። ጋጣ ውስጥ የታሰረው ፈረስ ግን ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም። ጋጣው ከዝናብና ከጅብ ይጠብቀዋል፤ በዚያው ልክ ምርጫውን ይወስድበታል። እንግዲህ ያሰረው ሰው በገመዱ የወሰደው የፈረሱን እግር ብቻ አይደለም፤ የፈረሱን ውሳኔም ጭምር ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ፈረሱ ስለ ራሱ ይወስን የነበረውን ሁሉ የመወሰን አማና በአሳሪው ትከሻ ላይ ወድቋል።

ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ግን ጭካኔዋን ብቻ ነው። ልብ ብሎ ላስተዋለው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥፋቷን የገለጹት በሁለት በኩል ነው፤ አስራ አላበላቻትም፤ ወጥታ የራሷን ምግብ እንዳትፈልግም አልለቀቀቻትም። የምትለቃት ቢሆን ኖሮ ድመቷ ለራሷ ታውቅ ነበር። ግዴታውን ያመጣው ማሰሩ ነው።

ስለ ፈረስ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ፈረስ ለአንዱ ሰው አጅር፣ ለሌላው ሽፋን፣ ለሦስተኛው ወንጀል እንደሚሆን ተነግሯል። ሽፋን የሚሆነው ከሰው እጅ ላለመጠበቅ ብሎ ለኑሮው ለሚይዘው ሰው ነው፤ ያም በፈረሱ አንገትና ጀርባ ላይ ያለውን የአላህን ሐቅ እስካልረሳ ድረስ። ይህንን ሳስብ ዳማ ትዝ ይለኛል። ለአጎቴ ቤተሰብ ከድህነትና ከልመና ሽፋን ሆኗቸው የኖረው እርሱ ነው። እኔ ደግሞ ልሸፍነው ብዬ ስነሳ አንገቱና ጀርባው ላይ ያለውን ሳላይ ሸፈንኩት።

በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ እንደተላለፈው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የፈረሳቸውን ፊት በኩታቸው ሲጠርጉ ታይተው ስለዚሁ በተጠየቁ ጊዜ፣ በሌሊቱ ስለ ፈረስ ጉዳይ እንደተወቀሱ ተናግረዋል። የፈረስን ፊት የሚጠርግ ሰው ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የሚጠርገው። የእኔ አዘኔታ የጎደለው ይህንን ነበር፤ በጨለማ የተሰጠ፣ ፈረሱን ያላየ አዘኔታ ነበር።

«ኒያህ መልካም ነበርና ምን አለበት?» የሚል ወንድም ይኖራል። ኒያ የሥራ መሠረት መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና ሕክምና ሳያውቅ ሰው ያከመ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን በሐዲስ ተነግሯል። እርሱም እኮ ማዳን ነበር የፈለገው! መልካም ኒያ የማወቅን ግዴታ አያነሳም። እንዲያውም ኒያው እውነተኛ የሆነ ሰው የሚታወቀው ለማወቅ በሚያደርገው ጥረት ነው።

ሰው በብርድ እያለ?

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳቆየሁት ጥያቄ ልመለስ። ሰው በብርድ እያደረ ስለ ፈረስ ብርድ ልብስ መጨነቅ ተገቢ ነውን? አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ቢኖረንና በርዶት የሚያድር ልጅ በደጃችን ቢኖር ብርድ ልብሱ የልጁ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለሰውም ለእንስሳም ላለመስጠት እንደሆነ ልብ እንበል። በተጨማሪም ለፈረሱ የሚደረገው ነገር ምጽዋት አይደለም፤ የሠራበት ሐቁ ነው። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም እንስሳት በባለቤቶቻቸው ላይ ያላቸውን ሐቆች ሲዘረዝሩ፣ ቢያረጅም ቢታመምም፣ ጥቅም መስጠቱን ቢያቆምም እንኳ ቀለቡን መስጠት፣ ከአቅሙ በላይ አለመጫን፣ ከሚጎዳው ነገር ጋር አለማስቀመጥ ይገኙበታል። በሻፊዒይ መዝሀብም እንስሳውን አልቀልብም ያለ ባለቤት እንዲቀልብ ወይም እንዲሸጥ እንደሚገደድ ተደንግጓል። የአጎቴ ባዝራ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልብሱ ሌላውን ሐቅ መሸፈኛ ሲሆን ነው። ቀን ከአቅሙ በላይ ያስጎተትነውን ፈረስ ማታ ብናለብሰው ለእርሱ ምን ጠቀምነው? ያልተጠገበ ሆድ በሱፍ አይሞላም። የጋሪው ዕቃ የላጠው ጫንቃ በብርድ ልብስ አይድንም። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ለጫንቃው የሚደረግ ለስላሳ ድልዳል፣ ከዚያም ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ነገር ግን አየር የሚዘዋወርበት ጋጣ ይቀድማል። ልብሱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ማልበስ ይቀላል፤ አንድ ቀን ማሳረፍ ይከብዳል። እኛ የምንመርጠውም ብዙውን ጊዜ የቀለለንን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከአጎቴና ከእንስሳት ሐኪም የተማርኩትን በአጭሩ ላቅርብ። ጤነኛ፣ ጎልማሳ፣ የደረቀና የጠገበ ፈረስ ጥግ ባለው ጋጣ ውስጥ ልብስ ሳያስፈልገው ያድራል። ከሥራ በላብ የተመለሰ ፈረስ መጀመሪያ በጭድ ታሽቶ ይድረቅ። ያረጀ፣ የከሳ፣ የታመመ ወይም በዝናብ ርሶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን «ፈረስ ብርድ አያውቅም» ማለት ይቅር፤ ይልበስ። የለበሰም ቢሆን በየጠዋቱ ይገለጥ፣ ይታይ፤ እጅም ከልብሱ ሥር ገብቶ ደረቱንና ጫንቃውን ይዳስስ። የጆሮው መቀዝቀዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የረጠበ ልብስ አይደረብበት፤ ገመዱም እግር የሚጠልፍ አይሁን። የሌላ ፈረስ ልብስም አይዋሰው፤ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየውን በቁስል የሚገባ ክፉ የቆዳ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና።

ፈረስ የሌለን የከተማ ሰዎችስ? በእጃችን ላይ ያለ፣ መናገር የማይችል ወይም መናገር የማይፈቀድለት ስንት አለ! በአልጋ ላይ ያሉ አረጋዊ እናት፣ ሕፃን ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ በግቢያችን የታሰረ ውሻ። ለእነዚህ ሁሉ እኛ የሚሻላቸውን እንወስናለን። የምንወስነው ግን እጃችንን ከልብሱ ሥር አስገብተን ነው ወይስ ከራሳችን ብርድ ተነስተን? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

የዳማን ነገር ሳልጨርስ ብተው ቅር ይላችኋል። ቁስሉ በጨው ውኃ ታጠበ፤ ሐኪሙም ጋሪ እንዳይጎትት አዘዘ። ስድስት ቀን ቆመ። ለዚያ ቤት ስድስት ቀን ማለት ስድስት ቀን ያለ ገቢ ማለት ነው። አጎቴ «ተወው፣ አንተ እንግዳ ነህ» ቢሉኝም የስድስቱን ቀን ገቢ ከኪሴ ሰጠሁ። ስሰናበት ዳማ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ቆሞ ድርቆሹን ያኝክ ነበር። ጠጋ ብዬ ጫንቃውን አየሁት። ቅርፊት ይዞ መድረቅ ጀምሯል።

ወላሁ አዕለም።